ትንፋሽ ይዛችሁ ስትጠልቁ ላይ የሚጠብቃችሁ ማነው?

ባለፈው እትም ስለ ፍሪዳይቪንግ፣ ማለትም ያለ አየር ጋን በአንድ ትንፋሽ ብቻ ስለመጥለቅ፣ ጥቂት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ከሐዋሳ ብቻ ይህን ያህል ሰው ይጽፍልኛል ብዬ አላሰብኩም፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከወጣቶች መጥቷል፣ ከእናትም መጥቷል። ሁሉንም እዚህ ገጽ ላይ ማስተናገድ ስለማልችል አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

"ጋሼ ሰላም ነው? እኛ የሐይቅ ዳር ልጆች ነን፣ ስድስት ነን። ክለብ ልንመሠርት እያሰብን ነው። ለጊዜው ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንለማመዳለን። እኔ ትንፋሼን ይዤ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ደርሻለሁ። አንዱ ጓደኛችን ከመግባታችን በፊት 40 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተንፍሱ ብሎን በጣም ሠርቶልናል፣ ተንፍስ ተንፍስ የሚለው ስሜት ይጠፋል። ልጆቹ ሥራ ሲኖርባቸው ብቻዬንም እሄዳለሁ። 3 ደቂቃ ለመግባት ምን ላድርግ?"

ሰላም ነው ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። 3 ደቂቃውን ለጊዜው ተወውና ሁለት ነገር ዛሬውኑ አቁምልኝ፤ ፈጣን አተነፋፈሱንና ብቻህን ገንዳ መግባቱን። ለጓደኞችህም ይህችን ገጽ አንብብላቸው።

ጓደኛችሁ በክፋት እንዳልነገራችሁ አውቃለሁ። ዘዴው የሚሠራ ይመስላል፣ ችግሩም እሱ ነው። ውሃ ውስጥ ሆነን "አሁንስ ልተንፍስ" የሚያሰኘን የኦክስጅን ማለቅ አይደለም። ደማችን ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 40 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ እሱን ጠርገህ ታስወጣለህ። ኦክስጅኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል ጭማሪ አያገኝም፣ ምክንያቱም የጤነኛ ሰው ደም በተለመደው አተነፋፈስም ቢሆን ሊይዘው የሚችለውን ያህል ይዟል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያደረጋችሁት የግቢውን ውሻ አፍ ማሰር ነው። ሌባው መምጣቱን አይተውም፣ የሚጮህላችሁ ግን የለም። ኦክስጅኑ ዝቅ ዝቅ ይልና አንጎል በድንገት ይዘጋል። ሕመም የለውም። መንፈራገጥ የለውም።

ጥልቅ ውሃ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ታች እያለህ የውሃው ግፊት ሳንባህ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ወደ ደምህ ይገፋልሃል፣ "ደህና ነኝ" ትላለህ። ስትመለስ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የመጨረሻዎቹ 10 ሜትር ላይ ደግሞ በጣም በፍጥነት። ጠላቂዎች ራሳቸውን የሚስቱት በአብዛኛው ታች ሆነው ሳይሆን ሊወጡ ሲሉ ወይም ጭንቅላታቸውን ካወጡ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ከወረቀት ብቻ አይደለም የምነግርህ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ እንለማመድ ነበር። ከእኔ በብዙ የሚሻል ዋናተኛ ነው። ተራው የእሱ ነበር፣ የእኔ ሥራ ከላይ ሆኖ ማየት ነበር። ስልኬ ጠራ። ዘወር ብዬ አነሳሁት፣ "ቆይ እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ከዚህ አይበልጥም። ስመለስ ጓደኛዬ ወለሉ ላይ ነው። እጁ ግድግዳውን ሊነካ እንደተዘረጋ ነው፣ አንድ ክንድ ያህል ይቀረዋል። ጣቶቹ ላላ ብለው ተከፍተዋል። ከአፍንጫው አንዲት ቀጭን የአረፋ መስመር ትወጣለች። ሰላማዊ ነበር የሚመስለው፣ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ማኪያቶ ይጠጣ የነበረ ሰው ምንም አላየም፤ የሚታይ ነገርም አልነበረም።

ስቤ አወጣሁት። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ፊቱን ከውሃ በላይ ያዝኩ፣ የመጥለቂያ ማስኩን አወለቅኩ፣ ጉንጩን መታ መታ አደረግኩ፣ ዓይኑ አካባቢ እፍ አልኩበት፣ በስሙ እየጠራሁ "ተንፍስ! ተንፍስ!" አልኩት። እንደሚያንኮራፋ ሰው አንዴ ሳበ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? "ለምን አወጣኸኝ? ገና ነኝ እኮ!" ራሱን መሳቱን አያውቅም ነበር። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሳያውቀው ይሞት ነበር።

ስለዚህ ስድስት መሆናችሁ ትልቅ ሀብት ነው። ሦስት ጥንድ ሁኑ። አንዱ ሲጠልቅ አንዱ ላይ ይሆናል፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይወርዱም። ላይ ያለው ስልክ አይነካም፣ ወሬ አያወራም፣ ጓደኛው ላይ ብቻ ዓይኑን ይተክላል። ጓደኛው ሲወጣ ሥራው አላለቀም፤ 30 ሰከንድ ሙሉ ፊቱን ያያል። በአንዱ መጥለቅና በሌላው መሐል ደግሞ ውሃ ውስጥ ከቆያችሁበት ጊዜ ቢያንስ እጥፉን ዕረፉ። ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠማችሁ እኔ ያደረግኩትን አድርጉ፣ ፊት ከውሃ ውጭ፣ ማስክ ይውለቅ፣ እፍ፣ መታ መታ፣ በስም መጥራት። ብዙ ጊዜ በዚህ ይነቃል። ካልነቃ ወዲያው አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት ነው፤ ይህን ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ከሚያስተምር ሰው በእጃችሁ ሠርታችሁ ተማሩት።

"እኔ ጎበዝ ነኝ" የሚል ካለ ስለ ናታሊያ ሞልቻኖቫ ንገሩት። ሩሲያዊት ናት፣ ከ40 በላይ የዓለም ክብረ ወሰን የነበራት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ትንፋሿን ይዛ 9 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ የቆየች። በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ፎርሜንቴራ ደሴት አጠገብ ለእሷ እንደ ጨዋታ በሚቆጠር ጥልቀት ጠለቀች፣ አልተመለሰችም። አስከሬኗ እንኳ አልተገኘም።

3 ደቂቃው ራሱ ይመጣል። አልጋህ ላይ ተጋደም፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብለህ እንደ ተኛ ሰው ተንፍስ፣ አንዴ በደንብ ስበህ ያዝ። ሆድህ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፣ ተለማመደው። ጥርስህን አላላ፣ ትከሻህን አላላ። ጎበዝ የሚባለው ጠላቂ ጡንቻው የላላለት ነው።

"ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ መጥለቅ ይቻላል? አያቴ ሐይቁ ታች የለውም፣ የገባ አይወጣም ትል ነበር። እውነት ነው? የታቦር ሰፈር አንባቢ"

ሐይቁ ታች አለው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። አያትሽ ግን ዝም ብለው አላሉም። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ አረንጓዴ ነው፣ እጅሽን ዘርግተሽ ጣትሽን ማየት የሚያቅትበት ቀን አለ። እዚያ ውስጥ የገባን ሰው ከላይ ሆኖ መጠበቅ አይቻልም። የማይታይን ሰው እንዴት ትጠብቂዋለሽ? ከዚያ በላይ የዓሣ አጥማጆች መረብ አለ። ክሩ ቀጭን ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ እግር ላይ ከተጠመጠመ ያለ ቢላዋ አይለቅም።

ጉማሬ አለ። ጥቁር ውሃ ወንዝ በሚገባበት በኩልና ቄጤማው ባለበት ሁሉ ልብ በይ። አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አጥማጆችን ጠይቂያቸው፣ የትኛው ሰሞን የት እንደሚውል ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እኔ ሐይቁ ላይ ጀልባ ሳልይዝና እነሱን ሳልጠይቅ ወጥቼ አላውቅም። ቢልሃርዝያም አለ፣ በተለይ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ዳርቻ። በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ቆይቶ መመርመር አለበት። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ በጊዜ ከታወቀ ይድናል።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምርልሽ፣ ከፍታችን። ሐይቁ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ሙሉ ትንፋሽ ይዘሽው የምትወርጂው ኦክስጅንም ያንሳል። ሁለተኛው ነገር ሳንባን ይመለከታል። ባሕር ላይ አንድ ሰው 10 ሜትር ሲወርድ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይጨመቃል። እኛ ጋ ይኸው ነገር 8 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ጅቡቲ ወይም ግብፅ የሠለጠነ ልጅ እዚህ መጥቶ "15 ሜትር ለምጃለሁ" ቢልሽ እዚህ ያው አይደለም።

እና የት ይጠለቅ? ዋናውንና ትንፋሹን ገንዳ ውስጥ። ጥልቀት ለሚፈልግ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አለ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ከዳር ትንሽ እንደራቅሽ ወዲያው ይጠልቃል፣ ከ60 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ግን ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ ገመድና ያለ ጀልባ እግራችሁን እንዳታስገቡ። ላንጋኖ ለመዋኘት ደስ ይላል፣ ለመጥለቅ ግን ውሃው ቡናማ ነው፣ ምንም አያሳይም። ከሐዋሳ ለሽርሽር የሚወጣ ክለብ ላንጋኖ ላይ ረጅም ዋና ቢዋኝና ማታ አሸዋው ላይ እሳት አንድዶ ቢያድር እኔ ከመጥለቁ አላሳንሰውም። ጠዋት ዋኙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሳል።

"ወንድሜ፣ ልጄ 20 ዓመቷ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከምትዋኝባቸው ልጆች ጋር ለገና ጅቡቲ ሄጄ ከሻርክ ጋር እዋኛለሁ አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልከልክላት? የሁለት ልጆች እናት፣ ከአቶቴ"

እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። እኔም ልጅ አለኝ።

ሻርኩን በተመለከተ እንቅልፍዎን ይተኙ። ልጅዎ የምትለው ዌል ሻርክ የሚባለውን ነው። በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚደርስ አለ፤ የሚበላው ግን ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቃ ፍጥረታትን ነው። ሰው አይነክስም። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፣ አርታ ዳርቻ አካባቢ። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያልደረሱ ናቸው። አጠገቡ የዋኘ ሰው አይረሳውም፤ ቆዳው ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች ውሃው ውስጥ በፀሐይ ሲያበሩ ኮከብ የተነጠፈበት ጋቢ ይመስላሉ።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። ጀልባው፣ ሞገዱ፣ አብሯት የሚሄደው ሰው። ስለዚህ አይከልክሏት፣ ይጠይቋት። ማን ነው የሚመራችሁ፣ ለዚህ ሥራ የወጣ ምስክር ወረቀት አለው? ጀልባው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ? ድንገተኛ ኦክስጅን አለ? አንቺ ውሃ ውስጥ ስትሆኚ ዓይኑን አንቺ ላይ የሚጥል ሰው ማነው? ስሙን ትንገርዎት። "ሁላችንም እንተያያለን" ካለችዎት መልስ አይደለም። ሁሉም የሚያየው ሰው ማንም አያየውም።

ጉዞው ራሱ ያምራል። በሞጆ አድርገው አዳማ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ባቡሩ በድሬዳዋ በኩል ያወርዳቸዋል። ፓስፖርትና ቪዛ ቀድማ ትጨርስ። በአየር ጋን የሚጠለቀውንም እሞክራለሁ ካለች አንድ ነገር ይንገሯት። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀች በኋላ ወደ ደጋ ከመመለሷ ወይም አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ትረፍ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ በቶሎ ሲወጡ አረፋ ይሆናል፣ መገጣጠሚያና ነርቭ ይጎዳል።

"የፍሪዳይቪንግ ውድድር እንዴት ነው የሚካሄደው? ባሕር የሌላት አገር ልጅ ምን ተስፋ አለው? ደግሞ አስታርቀን፤ ጓደኛዬ 29 ደቂቃ ትንፋሹን የያዘ ሰው አለ ይላል፣ እኔ 11 ደቂቃ ነው እላለሁ። በምሳ ተወራርደናል።"

ከምሳው ልጀምር፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በተለመደው አየር ፈረንሳዊው ስቴፋን ሚፍሱድ በ2009 እ.ኤ.አ. 11 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ቆይቷል። 29 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ የቆየው ክሮኤሺያዊው ቪቶሚር ማሪቺች ነው፣ በ2025 እ.ኤ.አ.፤ እሱ ግን አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ተንፍሶ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ምሳውን ተካፈሉት።

ባሕር ስለሌለን ማለትህን ግን ተወው። 214 ሜትር በመውረድ ስሙ የሚጠራው ኸርበርት ኒች ኦስትሪያዊ ነው፣ ኦስትሪያም ባሕር የላትም። ያን ያደረገው በ2007 እ.ኤ.አ. ግሪክ ውስጥ ነው፣ ክብደት ይዞ ወርዶ በአየር ፊኛ በሚወጣበት ዓይነት። በ2012 እ.ኤ.አ. ከዚያም በላይ ልውረድ ብሎ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ያ ዓይነቱን ማንም እንዲመኘው አልፈልግም። አንተ የሚያስፈልግህ ገንዳ ነው። ከውድድሮቹ ግማሽ ያህሉ ገንዳ ውስጥ ናቸው። አንዱ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው። ሌላው በአንድ ትንፋሽ ከውሃ በታች ርቀት መዋኘት ነው፣ እግር ላይ በሚደረግ የዋና ክንፍ ወይም ያለ ክንፍ። ከሐዋሳ የሚነሳ ክለብ እዚያ ቢጀምር ጥሩ ነው።

የባሕሩ ውድድር ደግሞ እንዲህ ነው። ጠላቂው ስንት ሜትር እንደሚወርድ ከዋዜማው ያስመዘግባል። ገመድ በዚያ ልክ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ሳህን የመሰለ ነገር አለ፣ ከእሱ ላይ ትንሽ ምልክት ቆርጦ ይዞ ይወጣል። ወገቡ ወይም እጁ ከገመዱ ጋር ታስሯል። ሲመለስ አጃቢ ጠላቂዎች ወርደው መንገድ ላይ ይቀበሉታል። በጣም የምወደው ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጭንቅላቱን ካወጣ ጀምሮ 15 ሰከንድ አለው። ማስኩን ወይም የአፍንጫ መቆንጠጫውን ያወልቃል፣ በእጁ የደህንነት ምልክት ያሳያል፣ "ደህና ነኝ" ይላል። በዚሁ ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉን ካዛባ ወይም አፉ ወይም አፍንጫው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ከገባ ቀይ ካርድ ነው፣ 100 ሜትር ወርዶ ቢመጣም። ሁሉ ከተስተካከለ ነጭ ካርድ። ቢጫ ካርድ ተቀብለናል ግን ነጥብ ቀንሰናል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ስፖርቱ የሚሸልመው ነቅቶ የወጣውን ነው። ባሃማስ ውስጥ ዲንስ ብሉ ሆል የሚባል 202 ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ጉድጓድ አለ። የናታሊያ ልጅ አሌክሲ ሞልቻኖቭ በ2018 እ.ኤ.አ. 130 ሜትር በራሱ ክንፍ ወርዶ የወጣው እዚያ ነው። እናቱን ባሕር ከወሰደበት በኋላ ማለት ነው።

እኔ ራሴ ለመማር የሄድኩት ግብፅ ዳሃብ ነበር። እዚያ ያለው ብሉ ሆል ዳር፣ ገደሉ ላይ፣ እዚያ የሞቱ ጠላቂዎች ስም የተቀረጸባቸው ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል። የመጀመሪያ ቀን ቁሜ አንድ በአንድ አነበብኳቸው፣ ውሃ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዳሃብ የምትሄዱ ካላችሁ እናንተም አንብቧቸው።

"ሁለት ሜትር ስወርድ ጆሮዬን ይወጋኛል፣ የዋና መነጽሬም ዓይኔን ይስበኛል። ጆሮዬ የታመመ ይሆን? ከፒያሳ"

ጆሮህ ጤነኛ ነው፣ ያላደረግክለት ነገር አለ። ስትወርድ ግፊቱ ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋል። አፍንጫህን ቆንጥጠህ አየር ወደ ጆሮህ ስደድለት፣ ጠቅ ሲል ትሰማዋለህ። እስኪወጋህ አትጠብቅ፣ ገና ሳይሰማህ ጀምር፣ በየሜትሩ ድገመው። እምቢ ካለህ ትንሽ ወደ ላይ ውጣና ሞክር። በጉልበት እንዳትገፋ፣ ታምቡር ይቀደዳል። ጭንቅላትህ ወደታች ሲሆን ከሆድህ መግፋት ስለሚከብድ በምላስህ አየሩን ወደ ኋላ መግፋትን ተለማመድ፤ መስታወት ፊት ቁመህ አፍንጫህን ቆንጥጠህ ማታ ማታ ሞክረው፣ አፍንጫህ ነፋ ነፋ ሲል ገብቶሃል ማለት ነው።

የዋና መነጽሩን ላይ ለመዋኘት ብቻ ተጠቀምበት። አፍንጫህን ስለማይሸፍን ውስጡ አየር መጨመር አትችልም፣ ስትወርድ ዓይንህን ይመጥጣል፣ ደም ሥር ይበጥሳል። አፍንጫን የሚሸፍን ማስክ ፈልግ፣ በአፍንጫህ ትንሽ እፍ ስትል ይለቅሃል።

ጉንፋን ይዞህ ከሆነ ግን አትውረድ፤ መድኃኒት ውጬ ልውረድ አትበል፣ መድኃኒቱ ታች ላይ ቢያልቅብህ አየሩ መውጫ ያጣል። ያን ቅዳሜ ገንዳው ዳር ቁጭ በልና ለልጆቹ ሰዓት ያዝላቸው።